ምቾትና ምሥጢር፤ ለቤታችን ስልክና ኮምፒዩተር ስንመርጥ

ሰው ቤት ሲሠራ ግድግዳውን የሚያቆመው ከብርድና ከዝናብ ለመጠለል ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ነገር በቤቱ እንዲቀርለትም ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ደጁን ለመንገደኛ፥ አዳራሹን ለእንግዳ፥ እልፍኙን ለቤተ ሰብ፥ ጓዳውንም ለእመቤቲቱ ለይተው ይኖሩ ነበር። መንገደኛ ውሃ ቢለምን በደጅ ይሰጠዋል እንጂ ጓዳ ገብተህ ከእንስራው ቅዳ አይባልም። ይህም ንፍገት አይደለም፤ ሥርዓት ነው።

በዛሬው ዘመን ግን የብዙ ቤት ጓዳ ከግድግዳው ወጥቶ በኪስ የሚያዝ ስልክ ሆኗል። የልጆቻችን ፎቶግራፍ፥ የባንክ ሒሳባችን፥ የሐኪም ወረቀታችን፥ የመታወቂያችን ቅጂ፥ በዐረብ አገር የምትሠራው እኅታችን በሌሊት የላከችው ድምፅ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የዚህን ጓዳ በር የሚጠብቅልን ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መኖር ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የተገባ አይደለም።

በሩን የሚጠብቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው ሶፍትዌር ነው። በስልክ አንድሮይድና አይ ኦ ኤስ፥ በኮምፒዩተር ዊንዶውስ፥ ማክ ኦ ኤስና ሊኑክስ የሚባሉት ናቸው። ሥራውም በቀድሞ ቤተ መንግሥት እንደ ነበረው አጋፋሪ ነው፤ አፕ የሚባለው ሁሉ ባለጉዳይ ሆኖ ወደ ካሜራው፥ ወደ ስም መዝገቡና ወደ ፎቶግራፉ የሚደርሰው አጋፋሪው ሲያስገባው ነው። ነገር ግን አጋፋሪው ራሱ ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል ማወቅ ያስፈልጋል። አንድሮይድን የሚያዘጋጀው ጉግል ከገቢው የሚበዛውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያም ዋጋ የሚያወጣው የሰውን ፍላጎትና ውሎ ባወቀ መጠን ነው። አፕል ገንዘቡን በብዛት የሚያገኘው ዕቃ በመሸጥ ስለ ሆነ ዋጋውን አስቀድሞ ከገዢው ይቀበላል። ሊኑክስን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሲሆን፥ አሠራሩ ለሚመረምር ሁሉ የተገለጠ፥ አብዛኛውም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው።

ይህን ስንል ምቾትን የምናጥላላ አይደለንም። እናቶቻችን ፊደል ሳይቈጥሩ የልጅ ልጃቸውን ፊት የሚያዩት፥ ስልክ ቢሰረቅ የሠርጉና የክርስትናው ፎቶግራፍ አብሮ የማይጠፋው፥ በማያውቀው ሰፈር የሄደ ሰው ካርታ አይቶ የሚመለሰው በዚሁ ምቾት ነው። ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚመጣ ምቾት ስለሌለ፥ ዋጋው ምን እንደ ሆነና ከማን ኪስ እንደሚወጣ መመርመር ብልኅነት ነው።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አገር የንግድ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስልክን እንደ ባትሪ መብራት የሚያበራ አንድ አፕ መርምሮ ነበር። አፑ በብዙ ሚሊዮን ስልኮች ላይ የተጫነ ሲሆን፥ ከማብራት በቀር ሌላ ሥራ ሳይኖረው ባለስልኩ ያለበትን ስፍራ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያሳልፍ ተገኘ። መብራት ባለቤቱ የት እንዳለ ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ የተማረም ያልተማረም ሊጠይቀው የሚችል ነው። አንድሮይድም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፑ ካሜራውን ወይም ስፍራውን በፈለገ ጊዜ ባለቤቱን እየጠየቀ እንዲያስገባ ሆኗል። ጥያቄውን ሳናነብ «ፍቀድ» የሚለውን የምንነካ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአጋፋሪው ሳይሆን የጌታው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር፥ ለምቾታችን የምንከፍለው ሁልጊዜ ከራሳችን ኪስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካምብሪጅ አናሊቲካ ስለተባለው ድርጅት የተሰማው ወሬ ይህን ያስረዳል። በፌስቡክ ላይ የጠባይ መጠይቅ የያዘውን አፕ የጫኑት ሰዎች 270 ሺህ ያህል ነበሩ፤ አፑ ግን የወዳጆቻቸውን ነገር አብሮ ይሰበስብ ስለ ነበር፥ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ነገራቸው ሳይወጣ እንዳልቀረ ፌስቡክ ራሱ አስታውቋል። እነዚያ ሚሊዮኖች መጠይቁን አላዩትም፤ ወዳጆቻቸው ፈቀዱባቸው እንጂ። እኛም ለአንድ ጨዋታ ብለን የስም መዝገባችንን ስንከፍት የጎረቤታችንን፥ የንስሐ አባታችንንና የሐኪማችንን ስልክ ቍጥር አሳልፈን እንሰጣለን። የራስን ገንዘብ መበተን ሞኝነት ቢባል፥ የሰውን አደራ መበተን ግን ሌላ ስም አለው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የተባለውም ስለዚሁ ነው።

ሕጋችንም ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ በቍጥር 31 ደግሞ የምሥጢር ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ያዝዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ይህንኑ ጥበቃ በፖስታ ከሚላከው ደብዳቤ እስከ ስልክና ኤሌክትሮኒክ መገናኛ አስፋፍቶታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የሰውን ነገር የሚሰበስቡ ድርጅቶች የሚጠበቅባቸውን ደንግጎ፥ ቍጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ነገር ግን ሕግ ሌባን ይቀጣል እንጂ በሩን አይዘጋልንም፤ መዝጋቱ የባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። በአገራችን እጅግ የተለመደው መላላኪያ ቴሌግራም ነው፤ ፈጣንና ለትልልቅ ፋይል የሚመች ነው። ሆኖም የዘወትሩ መልእክት በኩባንያው ማከማቻ ስለሚቀመጥ፥ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው «ምሥጢራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው ሲከፈት ብቻ ነው። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መልእክቱን ሁሉ እንዲህ ያሽጋል፤ ነገር ግን ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደ ላከ ኩባንያው ያውቃል። ፖስታው ታሽጎ በላዩ ያለው አድራሻ ይነበባል እንደ ማለት ነው። ሲግናል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያዘጋጀው ሆኖ፥ ስለ ተገልጋዩ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጉድለቱም ወዳጅ ዘመድ ካልጫነው የሚያነጋግሩት ሰው አለመኖሩ ነው።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የዊንዶውስ 10 የተለመደ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ቤት ሊኑክስ ቢጭንበት ዕቃውም ይድናል፥ ውሎውን የሚመዘግብበትም ይቀንሳል። ነገር ግን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፊደል የተጻፈ ሰነድ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በቤቱ የማመልከቻ ጽሑፍ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ሥራውን ወደ ዩኒኮድ ሳያዛውር ቢቸኩል፥ ምሥጢሩን አተርፋለሁ ሲል እንጀራውን ያጣል። ሰባሪዎች ቁልፉን ሰብረው በነፃ የሚያድሉትን ዊንዶውስ መጫን ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሻጩን በር የሰበረ እጅ የእኛንም በር አይፈራም።

በሌላ ወገን ጥንቃቄን ከልክ ማሳለፍም ቤት ያፈርሳል። አባወራ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ሲግናል ያልጫነ አያነጋግረኝ» ቢል፥ በገጠር ያሉት እናቱ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ በባዕድ አገር ያለችው እኅቱም የአሠሪዋ ቤት እስኪተኛ ጠብቃ የምታገኘውን ጥቂት ጊዜ አፕ በመጫን ታባክናለች። ምሥጢሩ ተጠበቀ፤ ነገር ግን የሚጠበቅላቸው ሰዎች ተለዩ። ቁልፉ የበዛበት በር ልጆች ዘወትር ክፍት ትተውት የሚሄዱት በር ነው።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው እንደ ጥንቱ ቤት በየክፍሉ መለየትን ነው። ሰላምታ፥ የበዓል መልካም ምኞት፥ የሠፈር ዕድር ጥሪ የደጅ ነገር ነውና እናታችን በለመዱት አፕ ይሁን። የልጆች ፎቶግራፍና የቤተ ሰብ ወሬ የእልፍኝ ነገር ስለ ሆነ፥ በታሸገ መላላኪያ ለታወቁ ሰዎች ብቻ ይላክ፤ በአደባባይ ገጽ አይለጠፍ። የፓስፖርት ቅጂ፥ የባንክ የምሥጢር ቍጥር፥ የሕመም ነገር ግን የጓዳ ነው። ፓስፖርት ቢላክ በምሥጢራዊ ውይይት ተልኮ ከደረሰ በኋላ ይደምሰስ፤ የባንክ የምሥጢር ቍጥር ግን ለማንም፥ በምንም መንገድ አይላክ።

ስልክ ስንገዛም ከካሜራው ጥራት በፊት የጥበቃ እድሳት እስከ ስንት ዓመት እንደሚሰጠው እንጠይቅ፤ እድሳት ያጣ ስልክ ቁልፉ የዛገ በር ነውና። ስንሸጠው ወይም ለዘመድ ስንሰጠው አስቀድመን በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደምስስ። በወር አንድ ቀን፥ እሑድ ከቡና በኋላ ቢሆን መልካም ነው፥ የቤቱ ሰው በአንድነት ተቀምጦ የማይሠራባቸውን አፖች ያስወግድ፤ ለቀሩትም የተሰጠውን ፈቃድ ይመርምር። ልጆች በእጅ ብልኃት ከወላጆች ስለሚቀድሙ እነርሱ ያሳዩ፤ ወላጆችም የትኛው ነገር ለሰው እንደሚነገርና የትኛው እንደማይነገር ያስተምሩ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ስልክ የሚያውቅ ልጅ ነውርን ካላወቀ፥ ነውርን የሚያውቅ አባትም ስልክ ካላወቀ፥ የቤቱ በር ከሁለት በኩል ክፍት ይሆናል።