ደመወዙ ለገበያ፣ መሬቱ ለመንግሥት?

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል። ሦስት ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የሥራ ጋውን። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ አራት ልጆች ይኖሩባታል። ፈረቃቸው ስለሚለያይ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ፍራሹን ትረከባለች። አከራያቸው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሩ ብለዋቸዋል።

እነዚህ ልጆች የሚኖሩት በየትኛው ሥርዓት ነው?

ከሶሻሊዝም ወደ ገበያ ተሻግረናል ከተባለ 30 ዓመት አልፏል። በ1985 መጀመሪያ የዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ። በ1986 የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ደርግ በ1967 የወረሳቸው ድርጅቶችም ለሽያጭ ይቀርቡ ጀመር። መሬቱስ? በዚያው በ1967፣ የገጠሩ በየካቲት የከተማው በሐምሌ፣ የመንግሥት የሆነው መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ተብሎ ጸና። ለቤት መሥሪያ የሚሆን አዲስ ቦታ በሊዝ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። አቅራቢው አንድ፣ ፈላጊው እልፍ ሲሆን ኪራይ የት ድረስ ይወጣል? የሚከፍለውስ ማን ነው?

ፓርኩ በዘጠኝ ወር ገደማ ተገንብቶ በሐምሌ 2008 ተመርቋል። ሼዱን መንግሥት ሠራ፤ መሬቱንም መንግሥት አቀረበ። ለልብስ ስፌት ማሽኑ የተገኘው ጣሪያ ለሰፊዋ ለምን በዚያው ፍጥነት አልተገኘም? በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት የሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ካነጻጸሯቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ያነሰ። በዚያው ዓመት የወጣው የሠራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። ታዲያ ወለሉ ሳይቀመጥ ለምን ዓመታት ነጎዱ? ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምንዛሪው የተገኘው ቁርጠኝነት ለደመወዙ ወለል ሲሆን የት ሄደ?

ወደ ቀበሌ ኅብረት ሱቅ እንመለስ እያልኩ አይደለም። ስኳር ለመግዛት ካርድ ይዞ በሌሊት ወረፋ መያዝን የቀመሰ ትውልድ ያንን አይመኝም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ገበያው የልጅቷን ጉልበትና የምትገዛውን ዘይት ብቻ ከነካ፣ የተሻገረው ማን ነው?

ልጆቹ ጭማሪውን ለመቻል አምስተኛ ልጅ ሊያስገቡ ተስማምተዋል። አሁን የሚያስቡት ፍራሿን የት እንደምትዘረጋ ነው።