እጅ ሲወርድ የማይጠፋ ብርሃን

ስማርት ሰዓት ዛሬ በብዙ ወጣቶቻችን እጅ ላይ አለ። ከእነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ ስክሪናቸው ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ባለቤቱ እጁን ከፍ ሲያደርግ ሴንሰሩ እንቅስቃሴውን ያውቅና ስክሪኑ ይበራል፤ እጁ ሲወርድ ተመልሶ ይጠፋል።

እኛም በአምልኮ እጃችንን የምናነሣ ሰዎች ነን። እሁድ እጃችን ሲነሣ የሚበራ፣ ሰኞ እጃችን ወደ ሥራ ሲወርድ የሚጠፋ እምነት ግን ብልጭታ እንጂ ብርሃን አይደለም ብለን እናምናለን። የጎንደር ሰው በክርስቶስ ማመናችንን የሚያየው በዝማሬያችን ሰዓት ሳይሆን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሚዛን ስንይዝ ነው።

“ታዲያ ሰው እንዴት ሁልጊዜ ይበራል? ይደክማል እኮ!” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሰዓት ሠሪዎችንም ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር፤ ስክሪኑ ሁልጊዜ ከበራ ባትሪው ያልቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበው ሰዓት ስክሪኑ የሚበራው ክንድ ሲነሣ ወይም ሲነካ ነበር። በ2019 የወጣው ሲሪየስ 5 ግን እንዳይጠፋ ተደርጎ ተሠራ፤ የባትሪው ዕድሜ ግን እንደ ቀድሞው 18 ሰዓት ነው ተባለ። ምስጢሩ እጅ ሲወርድ ስክሪኑ መደብዘዙ ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደስ የነበረው ምስል 1 ጊዜ ብቻ ይታደሳል። ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም።

ይህን ጥበብ የዳባትና የደባርቅ እናቶች ከጥንት ያውቁታል። በዚያ ብርድ አገር ማታ እሳቱን በአመድ ይዳፍኑታል እንጂ አያጠፉትም። ሌሊቱን ነበልባል አይታይም፤ ንጋት ላይ አመዱ ገለጥ ሲደረግ ግን ፍሙ አለ።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ዐሥሩ ቆነጃጅት ሲያስተምር፣ ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ሰነፎቹ ብቻ ሳይሆኑ ዐሥሩም ተኝተው ነበር። የለያቸው ዘይቱ ነው። እንግዲያው ትጋት ማለት ሌት ተቀን መንበልበል አይደለም፤ ዘይት ይዞ መገኘት ነው። በየዕለቱ ጥቂት ቃል፣ ጥቂት ጸሎት፣ በትንሹም ነገር መታመን ዘይት ነው።

አንድ ተግባራዊ ምክር እንጨምር። ሐዘን የብዙዎችን ደጅ ባንኳኳበት በዚህ ዘመን፣ ለቅሶ ቤት ስንገባና ከተጨነቀ ወንድም ጋር ስንጸልይ፣ ሰዓቱ በእጅ እንቅስቃሴ እንዳይበራ እናድርገው። ልቡን እያፈሰሰ ያለ ሰው ክንዳችን ላይ ብርሃን ቦግ ሲል፣ “ቶሎ ጨርስ” ያልነው ይመስለዋል። ለእርሱ መንቃት ለሰዓቱ ከመንቃት ይቀድማል።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ እርሱን ለማንቃት እጅ ማንሣት አያስፈልጋችሁም። መዝሙር 121 እንደሚያስተምረን ጠባቂያችን አያንቀላፋም። ባላችሁበት ጥሩት፤ ይሰማችኋል።

ጸጋ ይብዛላችሁ።