ስለ ኔትወርክ አከፋፈል





በቅርቡ ለተማሪዎቼ የሒሳብ ትምህርት በስልክ ላክሁላቸው። ከኔትወርኩ ማማ አጠገብ የሚኖረው ልጅ ወዲያው አገኘው። ከኮረብታው ጀርባ የምትኖረው ልጅ ግን ምሽቱን ሙሉ ጠብቃ ሳይደርሳት ወደ ክፍል መጣች። ነገሩን «ኔትወርክ የለም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን የርቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአከፋፈልም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው ለአንድ ማማ የተመደበው የሬዲዮ ሞገድ የተወሰነ ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ሞገዱ ለማን እንደሚሰጥ ማማው በየአንድ ሺህኛው ሴኮንድ ይወስናል። ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ ሞገዱን ብቻውን ቢይዝ ቅርብ ያለው በሴኮንድ 10 ሜጋቢት፣ ሩቅ ያለው 1 ሜጋቢት ይቀበላል። ሁልጊዜ ለቅርቡ ቢሰጥ ሩቁ ባዶ እጁን ይቀራል። ጊዜው እንደ ዕቁብ በእኩል ተራ ቢከፈል አንዱ 5፣ ሌላው ግማሽ ሜጋቢት ያገኛል። የሚደርሳቸው መጠን እኩል ይሁን ቢባል ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 1 እንኳ አይሞላም።

የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ተመጣጣኝ ድርሻ የጻፉት አሳብ አስታራቂ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ አሳብ የሚሠራው ደንብ፣ አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት ሊቀበል የሚችለውን እስካሁን ሲያገኝ ለቆየው አማካይ ያካፍላል፤ ውጤቱ ለበለጠለት ሰው ተራውን ይሰጣል። ይኸውም ሰውን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ያመዛዝናል ማለት ነው። እኔም ፈጥኖ እጁን የሚያነሣውን ብቻ ስጠይቅ ክፍሉ ሁሉ የገባው ይመስለኛል፤ የኋላው ወንበር ግን ዝም ብሏል።

እርግጥ ነው፣ ሞገዱ ከናካቴው ለማይደርሰው ሰው ሌላ ማማ እንጂ ደንብ አይረዳውም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እንበል። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ ለቅርቡ ብቻ ሲሰጥ የሁለቱ አማካይ 5 ነው፤ በእኩል ተራ ሲከፈል ግን 3 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በአማካይ ብቻ ከተመዘነ፣ ሩቁን የሚያስርበው ደንብ አንደኛ ይወጣል!

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ውል የምታዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አማካይ ፍጥነት ሲነገራችሁ አትርኩ። ሰው በሚበዛበት ምሽት፣ ከማማው ዳር ላለው ሰው የሚደርሰው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ በውሉም ላይ አስጽፉት። ያች ልጅ የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት መምህር