በገዛ እጅ የተገጠመ ኮምፒውተር

የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ከፍቶ መንካት የባለሙያ ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አያሌ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን፥ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ማለት ከሰባት ወይም ከስምንት ክፍሎች ተሰካክቶ የሚቆም ዕቃ ነው፤ ብየዳ የለበትም፤ ከአንድ ባለ መስቀል ካቻቢቴ በቀር ይህ ነው የሚባል መሣሪያም አይጠይቅም። ጠንቃቃ ሰው ከምሳ በኋላ ቢጀምረው ሳይመሽ ይጨርሰዋል። ገንዘብ የሚጠፋው ከዚያ በፊት፥ ዕቃው በሚመረጥበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ዓምዳችን የሚበዛው ስለ ግዢው ይሆናል።

ጥንት ብየዳ ነበረበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር ወር 1975 ዓ.ም. አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ዕቃው ለብዙ ገዢዎች የሚደርሳቸው ተበታትኖ ነበር፤ እነርሱም እያንዳንዱን እግር በጋለ ብረት እየበየዱ ይገጥሙት ነበር። ተገጥሞ ሲያልቅም ስክሪን የለው፥ የፊደል ገበታ የለው፤ በፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ ያዝዙታል፤ መልሱንም ከትንንሽ መብራቶች ያነባሉ። በ1976 የተሸጠው የመጀመሪያው አፕል ደግሞ ሰሌዳው ተበይዶ ይመጣ ነበር እንጂ፥ ሣጥኑንና የፊደል ገበታውን ገዢው ራሱ ነበር ፈልጎ የሚያሟላው። ዛሬ የአንዱን ፋብሪካ ክፍል ከሌላው ጋር ለማጋጠም የተቻለው፥ አይቢኤም በ1981 ያወጣው ኮምፒውተር አሠራሩ ለሌሎች ፋብሪካዎች ክፍት ስለ ነበረ፥ ኋላም በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ልክ ስላወጣ ነው። የብሎኑ ቀዳዳ ሳይቀር በዚያ ልክ ተወስኗል።

እንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ዕቁብ ደርሶት፥ በዚያው ገንዘብ ኮምፒውተር ሊገጥም አስቧል እንበል። ዕቁቡ ገና ለብዙ ወራት የሚከፈል ነው፤ ገንዘቡ ቢባክን ሁለተኛ አይመጣም። ሥራው ደብዳቤ መጻፍና ሒሳብ መያዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የሸጡት ደኅና ኮምፒውተር በርካሽ ይገኛልና ገጠማውን ይተወው እንለው ነበር፤ ይህን ስንል የሚቀየሙን ወጣቶች እንዳሉ እናውቃለን። ተማሪያችን ግን የቤት ፕላን ስሎ፥ ፀሐይ በግድግዳው ላይ ስታርፍ እንዴት እንደሚታይ አድርጎ ለደንበኛው ማሳየት አለበት። ይህ ፕሮሰሰሩንም ግራፊክስ ካርዱንም የሚያደክም ሥራ ስለ ሆነ ለእርሱ መግጠሙ ያዋጣዋል።

ምርጫው የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው፤ የቀረው እርሱን ተከትሎ ይመጣል። ኤኤምዲ በ2023 መጀመሪያ ያወጣውን ራይዘን 5 7600 መረጠ እንበል። ይህ ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰር የሚቀመጠው ኤኤም 5 በሚባለው ሶኬት ላይ ብቻ ስለ ሆነ ማዘርቦርዱም ኤኤም 5 መሆን አለበት፤ ኤኤም 5 ማዘርቦርድ ደግሞ ከዲዲአር 5 ራም በቀር ሌላ አይቀበልም። ከዚያ በፊት የነበረው ኤኤም 4 ግን የሚሠራው በዲዲአር 4 ነው፤ ሁለቱ ራሞች በመልክ መንትያ ይመስላሉ፤ በሥራቸው ያለችው ቁርጥ ብቻ ቦታዋ ይለያል። በሱቅም እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል፤

«ጋሼ፥ ይቺኛዋ ረከስ ትላለች፤ እሷን ልውሰድ?»

«ማዘርቦርድህ ምን ይላል ልጄ? ይቺ 4 ናት፤ ያንተ 5 ነው የሚፈልገው። በመዶሻ ብትመታት አትገባም።»

እንዲህ ያለ ነጋዴ ያጋጥመው እንጂ፥ ዝም ብሎ የሚሸጥም አለ። በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከሎች ራሙን ስለ ተሻሙበት በዓለም ገበያ ዋጋው እጅግ ናረ፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ባለ 16 ጊጋባይት አንዲት ራም ገዝቶ፥ ሁለተኛዋን እስኪያገኝ ቦታዋን ክፍት ቢተው አይጎዳም። ሁለት ሲሆኑ ሥራው ይፈጥናል፤ በአንድም ግን ይኬዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ገንዘቡን በፕሮሰሰርና በግራፊክስ ካርድ ላይ ይጨርስና፥ ለፓወር ሰፕላዩ የተረፈችውን ሳንቲም ይወረውርለታል። በእኛ አስተያየት ከጥፋት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርደው ሣጥን ነው፤ ሁሉም የሚጠጡት ከእርሱ ነው። ሌላው ክፍል ቢበላሽ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይበላሻል፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲሞት ጎረቤቶቹን ይዞ ሊሞት ይችላል።

የሚያስፈልገውን ኃይል መገመት አያስቸግርም። የተማሪያችን ፕሮሰሰር ሲጣደፍ 88 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 4060 ከሆነ 115 ዋት ነው፤ ለማዘርቦርዱ፥ ለኤስኤስዲውና ለፋኖቹ 60 ዋት ብንሰጣቸው ድምሩ 263 ዋት ነው። ስለዚህ እውነተኛ 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። እውነተኛ ማለታችን በምክንያት ነው፤ 600 ዋት ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲያነሡት እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ሣጥን በገበያ ሞልቷል። በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ማንበብ ይገባል። 12 ቮልት በሚለው መስመር ላይ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ ያንን በ12 ማባዛት ነው። 45 አምፔር ከሆነ 540 ዋት ይሆናል፤ 20 አምፔር ብቻ ከሆነ ግን 240 ዋት ነው፥ በካርቶኑ ላይ ያለው ስም የፈለገውን ይበል። ሠንጠረዥ የሌለውን አለመግዛት ነው።

አሁን የሚሠሩት ደኅና ደኅናዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ያስተካክላሉ። በአንዳንዱ ርካሽ ሣጥን ጀርባ ግን 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ በአገራችን ኤሌክትሪክ ቢሰካ በአንድ ቅጽበት ጧ ብሎ ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን ማየት የማንንም ጊዜ አይወስድም።

መብራት ድንገት ሄዶ ድንገት በሚመለስበት ቤት ዩፒኤስ ያስፈልጋል። እዚህም ላይ ቁጥሩ ያታልላል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ዋቱ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ እኩሌታ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስክሪኑም ሲጨመር ተማሪያችን ወደ 300 ዋት ስለሚጠጋ፥ 1,000 ቪኤ የሚለውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ሥራውን አስቀምጦ በደኅና ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል።

ኬዙ እንደ ገዢው ፈቃድ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ስለ ሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ፋኑ በየዙሩ የሚገፋው አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ፊቱ በመስተዋት ከተደፈነ ኬዝ ይልቅ ፊቱ እንደ ወንፊት የሆነው ይመረጣል። ከውስጥ አቧራ ማጣሪያ ቢኖረው ደግ ነው፤ የበጋው አቧራ የታወቀ ነውና።

ዕቃው ሲሟላ ሰፊ ጠረጴዛ ይጠረግ። የሱፍ ሹራብ ለብሶ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መግጠም አይገባም፤ ከልብሱ የሚነሣው ስታቲክ የሚባለው ኤሌክትሪክ ለሰው ሳይሰማ ቺፑን ሊገድል ይችላል። ቀለም ያልተቀባ የኬዝ ብረት በየጊዜው መንካት ይበቃል።

ፕሮሰሰሩ በኃይል አይጫንም። የሶኬቱ ዘንግ ይነሣል፤ በጥጉ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ትጋጠማለች፤ ከዚያ በቀስታ ሲያኖሩት በራሱ ክብደት ይቀመጣል። በኤኤም 5 እንደ ፀጉር የቀጠኑት 1,718 እግሮች ያሉት በማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ስለ ሆነ ጣት እንዳይነካቸው። ዘንጉ ሲመለስ ጠንከር ይላል፥ እንደ መንቋቋትም ያደርገዋል፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ልማዱ ግን እንዲያ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ከሥሩ ፔስት ተቀብቶ ስለሚመጣ ሳይነኩት ማስቀመጥ፥ አራቱንም ብሎኖች በሰያፍ ጥቂት በጥቂት እያሉ ማጥበቅ ነው።

ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጦ መሞከር ከብዙ ድካም ያድናል። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርዱ ለጊዜው ይቆይ። ባለ 24 እግሩ ትልቁ ኬብልና ለፕሮሰሰሩ የተለየው ባለ 8 እግሩ ይሰካሉ፤ ይህችኛዋን የሚረሳ ብዙ ነው። የኬዙ ማብሪያ ገና ስላልተያያዘ፥ የማብሪያው ምልክት ያለባቸውን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ማነካካት ያስነሣዋል።

እዚህ ላይ ስንቱ ልቡ ተሰብሯል! ፋኑ ይዞራል፥ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ዲዲአር 5 ራም መጀመሪያ በበራበት ጊዜ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን እየፈተነ ስለሚያስተካክል፥ ጨለማው ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ተሳስቻለሁ ብሎ በመካከል የሚያጠፋው ሰው ሥራውን እንደ ገና ያስጀምረዋል። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው። ሩብ ሰዓት አልፎም ካልመጣ፥ ራሟ እስክትንቋቋ ድረስ መግባቷንና ያቺ ባለ 8 እግሯ ኬብል መሰካቷን ማየት ነው።

ባዮስ የሚባለው ገጽ ሲመጣ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ ልክ እንደ ተገዛው ሆኖ መጻፉን ማመሳከር፥ ካልሆነ ደረሰኙን ይዞ በዚያው ሳምንት ወደ ሱቁ መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ማዘርቦርዱ በኬዙ የናስ እግሮች ላይ ይታሰራል፤ ካርዱ ይሰካል፤ የስክሪኑም ኬብል ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ወደ ካርዱ ይዛወራል።

በሚመጣው ሳምንት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ መጫንና የአማርኛ ፊደል ስለ ማስገባት እንጽፋለን።