«ቻለው» መድኃኒት አይደለም

ከመካከላችን የአንዷ አጎት የመካነ ኢየሱስ ሰው ናቸው። የወገባቸው ዲስክ ነርቭ ተጭኖ እግራቸውን ቢያደነዝዘው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ኦፕራሲዮን ሆኑ። ኦፕራሲዮኑ ሰመረ። ሲወጡ በፌስታል አራት ዓይነት ኪኒን ተሰጣቸው፦ ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፌናክ፣ ትራማዶልና ጋባፔንቲን። በየፖስታው ላይ «1×2»፣ «1×3» የሚል ተጽፏል። አለቀ።

ቤታቸው ሲገቡ ጠያቂው ጎረፈ፤ ምክሩም አብሮ ጎረፈ። «ይሄ ሁሉ ኪኒን ጉበት ይጨርሳል» አለ አንዱ፤ ፓራሲታሞሉን ተዉት። ሌሊት ሲብስባቸው ሌላው አይቡፕሮፌን ገዝቶ አመጣ። ሦስተኛው «ለእንቅልፍ አንድ መለኪያ አረቄ» አለ። እኛ ደውለን «እንዴት ነዎት?» ስንል መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፦ «ቻል አድርጌዋለሁ።» ከአልጋ ግን አልወረዱም።

ጠባችን ከዚች «ቻል» ከምትባል ቃል ጋር ነው። አገራችን ለሕመም የምትጽፈው የመጀመሪያ ማዘዣ «ቻለው» ነው። ወንድ ከሆነ አያቃስትም፤ ሴት ከሆነች ምጥ የቻለች ይሄንንም ትችላለች። ጀርባ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ግን መቻል ጀግንነት አይደለም። ክፉኛ የሚያመው ሰው አይራመድም፣ አይስልም፣ በደንብ አይተነፍስም። ተኝቶ ሲቀር ደሙ እግሩ ላይ ሊረጋ፣ ሳንባው ሊታመም ይችላል። በጊዜው ያልታከመ ሕመምም ሥር ሰዶ ሊከርም ይችላል።

ታዲያ አራት ኪኒን ለምን? ሕመም በአንድ በር ብቻ ስለማይገባ ነዋ! ዲክሎፌናክ የቁስሉን እብጠት ይቀንሳል። ትራማዶል የሕመሙን መልእክት ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ላይ ያደክማል። ጋባፔንቲን ለተቆጣ ነርቭ ይታዘዛል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ጥቅም ግን ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል። ፓራሲታሞል የሁሉም መሠረት ነው። የዴንማርኩ ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ሲጽፍ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በተለያየ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲጋገዙ እንደ ሞርፊን ያለው ጠንካራ መድኃኒት በትንሹ ይበቃል፤ ማቅለሽለሹ፣ ድርቀቱና ድብታውም ይቀንሳል።

ማቀናጀት ግን መደበላለቅ አይደለም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲወሰዱ ጉዳቱ ለጨጓራና ለኩላሊት ነው። በትራማዶልና በጋባፔንቲን ላይ አረቄ ሲጨመር እስትንፋስን ሊያዳክም ይችላል። ፓራሲታሞልም ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን መብለጥ የለበትም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ አብሮ ይቆጠራል።

ይህን ለአጎታችን ማን ነገራቸው? ማንም።

የመድኃኒት እጥረቱን አንክድም። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሰላው በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ይህን ነገ ጠዋት አንለውጠውም። አንድ ገጽ ወረቀት ግን ዶላር አይጠይቅም! በአማርኛ ይጻፍ፦ የትኛው ኪኒን በስንት ሰዓት፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀነስ፣ ምን ከምን እንደማይገናኝ። እግር አዲስ ሲዝል፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል፣ ትኩሳት ሲነሳ ወይም ቁስሉ መግል ሲይዝ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ እንደሚገባም ይጻፍበት። መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ የወረቀቱ ቅጂ እዚያም ይድረስ።

ባለፈው ስንደውል ጥያቄውን ቀየርነው። «ጋሼ፣ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?» አልናቸው። መጀመሪያ ሳቁብን። ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስምንት» አሉ።

በማግስቱ ፌስታሉን ይዘው ሆስፒታሉ ሄዱ።