ሱቁን ዘግቶ ስብሰባ መሄድ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ልጆች ክትባት ስናወጋ ቆይተናል። የዛሬውን ጥያቄ ያመጡት አንዲት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ስለ ንግድ ምክር ቤት ነው። የጡረታ ነርስ ስለ ንግድ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ነገሩ ከጤናችን ብዙም የማይርቅ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ጎረቤቴ እዚሁ ውቤ በረሃ ወልደው ያሳደጉ እናት ናቸው። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው። ሁለት የስፌት መኪና በያዘች ጠባብ ሱቅ የእናቱን መድኃኒት፣ የሚስቱን አስቤዛ፣ የሁለት ልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይችላል። አንድ ቀን ቡና ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ሲስተር፣ ልጄን ስብሰባ ጠርተውታል። የንግድ ምክር ቤት ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ነው። እዚያ የሚሰበሰቡት ባለፎቆቹ አይደሉም ወይ? የእኔ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል?»

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። አንድ ቀን ሱቅ መዝጋት ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም፤ ለልብስ ሰፊ ግን የዕለት ገቢ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል አውቆ መወሰን ይሻላል።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው አካባቢ ጥንት አራዳ ሲባል የከተማችን ዋና ገበያ የነበረበት ነው። እህሉም፣ ቅቤውም፣ ጨርቁም በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይሸጥ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ጊዜ የሀገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ተከለ። ወራሪ ገበያ ሲያነሳ ነጋዴውን አያማክርም፤ የአራዳ ነጋዴም ጓዙን ጠቅልሎ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በቻርተር ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የነጋዴው ድምፅ ቀጠነ። በ1970 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ በአዋጅ ቁጥር 148 እንደገና ተደራጁ። ዛሬ የምናየውን ቅርፅ የሰጣቸው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። ይህ አዋጅ ከነጋዴው ጎን አምራቹንም አስገባ፤ ስሙም «ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት» የሆነው ለዚህ ነው። ከከተማ ምክር ቤት ጀምሮ በክልል አልፎ እስከ ሀገር አቀፉ ድረስ ይያያዛል። የጎረቤቴ ልጅ ልብስ ሰፊ ነውና ከዘርፉም ከንግዱም አለበት ማለት ነው።

በዓለም ላይ ነገሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው የንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በፈረንሣይ ማርሴይ ከተማ በ1599 እ.ኤ.አ. ነው። በፈረንሣይና በጀርመን ነጋዴ ሁሉ በሕግ አባል ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን የፈለገ ብቻ ይገባል። እኛም ዘንድ አባልነት በፈቃድ ነው። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ማንም አያስገድድህም፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ካልገቡ ምክር ቤቱ የትልልቆቹ ብቻ ይሆናል። «የባለፎቆች ነው» ብለን በራቅን ቁጥር የባለፎቆች እናደርገዋለን።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ሁለቱን ዋና ዋናዎች ብቻ ላንሳ።

አንደኛው የነጋዴውን ችግር ሰብስቦ ለመንግሥት ማቅረብ ነው። በቢሮ ቋንቋ «የፖሊሲ አድቮኬሲ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ አቤቱታን በማስረጃ አስደግፎ መወትወት ነው። በሀገር አቀፍ ደረጃ ለዚሁ ተብሎ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ በንግድ ሚኒስቴርና በሀገር አቀፉ ምክር ቤት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። የከተማው ምክር ቤትም ስለ ግብር፣ ስለ ፈቃድና ስለ ጉምሩክ የውይይት መድረኮች ያዘጋጃል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የ2009 ዓ.ም. ክረምት አስተምሮናል። በዚያ ዓመት የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ወጣ። ብዙዎች ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ሱቆች ተዘጉ። ቅሬታ ለማቅረብ የተሰለፈውን ሰው ያየ ያስታውሰዋል። እያንዳንዱ ወረቀቱን ይዞ ለብቻው ነበር የሚያለቅሰው። አንድ ሰው «ተበደልኩ» ሲል ቅሬታ ነው። ሁለት መቶ ልብስ ሰፊዎች መዝገባቸውን አቅርበው «የግምቱ ዘዴ የሥራ ማጣትን ወራት አልቆጠረም» ሲሉ ግን የፖሊሲ ጉዳይ ይሆናል። ምክር ቤት በደንብ ከሠራ፣ ሥራው ይህ ንግግር ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት እንዲደረግ ማድረግ ነው።

ጤናው እዚህ ላይ ይገባል። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት «ሐ» ይባሉ የነበሩት አነስተኛ ግብር ከፋዮች የሚከፍሉት በሐምሌ ወር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና የልብ ምት መፍጠን ይዘው የሚመጡ ባለሱቆችን እናይ ነበር። ደም ግፊታቸው 140 በ90 አልፎ ሲገኝ መድኃኒት እንጀምራለን፤ ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ እንላለን። «ሲስተር፣ ጨዉንስ እቀንሳለሁ፣ ወረቀቱን ምን ላድርገው?» ያለኝን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳውም። የወረቀቱ መድኃኒት በእኛ መደርደሪያ ላይ አልነበረም።

መወትወት ፍሬ የለውም የሚል ካለ የንግድ ሕጉን ይመልከት። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስልሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተካ። ሕጉ አርጅቷል፣ ይሻሻል የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲነሳ የነበረ ነው። አዲሱ ሕግ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም መቻሉ ነው። ለወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በግል ስም የሚነግድ ሰው ዕዳ ቢገባ ዕዳው የቤቱን ዕቃ፣ አንዳንዴም መኖሪያውን ይከተላል። በማኅበር መልክ ሲሠራ ግን የንግዱ ዕዳ በመርህ ደረጃ እዚያው በንግዱ ንብረት ይወሰናል። ልጃችሁ ሥራው ሰፋ ካለ ይህን የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ። እናት ለልጇ ብድር ቤቷን ዋስ ካደረገች ግን ይህ ሁሉ አያድናትም፤ ዋስትናው ራሱን የቻለ ግዴታ ነውና ከመፈረም በፊት ደጋግማችሁ አስቡ።

ሁለተኛው ሥራ ነጋዴን ከነጋዴ ማገናኘት ነው። ስሙ «የንግድ ትስስር መድረክ» ይባላል። የንግድ ትርዒቱ፣ ሥልጠናው፣ የውጭ ልዑካን ሲመጡ የሚደረገው ትውውቅ ሁሉ ከዚህ ይመደባል። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕቁብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ብቻ አልነበረም፤ ማን ታማኝ እንደሆነ፣ የማን ዕቃ እንደሚበረክት፣ ማን በዱቤ እንደሚሰጥ የሚታወቀው እዚያ ነበር። ዕድርም ቢሆን ከቀብሩ ሌላ ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቅበት ነው።

ስለ ሰፈራችንም አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የወሰደው ውቤ በረሃ በወጣቱ ዘንድ የሚታወቀው በድሮ የመጠጥና የጭፈራ ቤቶቹ ነው። እነዚያን ቤቶች ከያዙት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ጠጅ ጥለው፣ አስተናጋጅ ቀጥረው፣ ዱቤ መዝግበው፣ ልጅ አስተምረዋል። ሥራቸው ንግድ ሆኖ ሳለ ነጋዴ ብሎ የጠራቸው አልነበረም። ሲታመሙ ያስታመማቸው፣ ሲሞቱ የቀበራቸው ዕድራቸው ነው። ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። ወ/ሮ ሙሉ ሰሎሞን ሀገር አቀፉን፣ ወ/ሮ መሰንበት ሸንቁጤ ደግሞ የአዲስ አበባውን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የጉሊትና የሱቅ ሴቶች ግን አሁንም ከመድረኩ ሩቅ ናቸው። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ንግድ ከጀመረች ይህን በር እንድታውቀው አድርጉ።

የጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻ ሄደ። ትልቅ ነገር አልሆነም። መድረክ ላይ የተናገሩት ትልልቆቹ ነበሩ፤ እሱ እጁን አውጥቶ ተራ አልደረሰውም። በሻይ ሰዓት ግን ሁለት ልብስ ሰፊዎች ተዋወቀ። ሦስቱም ክርና ገበር በችርቻሮ ነበር የሚገዙት፤ አሁን አንድ ላይ ሆነው በጅምላ ይገዛሉ። እናቱም «ለሻይ ነው የሄደው» እያሉ ቢቀልዱም ደስ ብሏቸዋል።

ወቀሳም አለኝ። መድረኮቹ ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በሆቴል አዳራሽ ናቸው። ብቻውን ሱቅ የያዘ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን የያዘች እናት፣ እንዴት ትድረስ? እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰፈር አዳራሽ ቢደረግ ምን ይከፋል? የሚሰጠው ጽሑፍም ለባለሙያ እንጂ ለባለሱቅ የተጻፈ አይመስልም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ እንዳየነው፣ ለሠላሳ ዓመት የተሰበሰበ ደንበኛ በአንድ ሳምንት ይበተናል። ከተማ መታደሱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን በቂ ጊዜ መስጠትን፣ ምትክ መሥሪያ ቦታን፣ ፈቃድ ላይ ያለ አድራሻ ሲቀየር የሚደርሰውን መጉላላት አስቀድሞ ማንሳት ከማንም ይልቅ የንግዱ ምክር ቤት ሥራ ነው።

አንድ አጀንዳም እኔ ላቀብል። ተቀጣሪ ሲታመም የሕመም ፈቃድ አለው፤ በስተርጅና ጡረታ አለው። ባለሱቅ ሲታመም ሱቁ ይዘጋል፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙን ደብቆ ይቀመጣል። እግሩ ላይ ያለ የስኳር ቁስል እየባሰበት «ከበዓል በኋላ እመጣለሁ» ያለ ነጋዴ ብዙ አይቻለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከመደበኛ ቅጥር ውጪ ላሉ ቤተሰቦች የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ስንቱ ባለሱቅ ተመዝግቧል? የግል ነጋዴ የጡረታ ዋስትናስ? ምክር ቤቱ ስለ ታክስና ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚወተውተውን ያህል ስለዚህም ቢወተውት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ከጥቂት ነገሮች ጋር ላኩት።

መጀመሪያ፣ አንድ ችግር ብቻ ይዞ ይሂድ። አሥር ብሶት ይዞ የሄደ አንዱንም ሳይናገር ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ማስረጃ ይያዝ። የገቢና ወጪ ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የተጻፈለት ደብዳቤ ቅጂ ካለው ይደመጣል። ደብተር የመያዝ ልማድ ከሌለው ዛሬ ይጀምር። ጽሕፈቷ የምታምር የልጅ ልጅ ካላችሁ እሷ ትያዝለት፤ ለሒሳብ ትምህርቷም ይረዳታል።

ሦስተኛ፣ መናገር ቢያፍር ጽፎ ይስጥ። ስሙና የሥራው ዓይነት ያለበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ከረጅም ንግግር ይበልጣል።

አራተኛ፣ የአባልነት ክፍያውንና የሚገኘውን አገልግሎት አስቀድሞ ይጠይቅ። ሥልጠና አለ? የሕግ ምክር አለ? ከሌላ ነጋዴ ጋር ቢጣላ የግልግል ዳኝነት አለ? የአዲስ አበባው ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረትም የግልግል ውሳኔ በፍርድ ቤት ይፈጸማል። ለዚህ ግን ሁለቱ ወገኖች በውላቸው ወይም በኋላ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው።

አምስተኛው ለእናንተ ነው። ጊዜ ያላችሁ አያቶች ለግማሽ ቀን ሱቁን ጠብቁለት። ዋጋ የማታውቁት ዕቃ ካለ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ወንበር ላይ ዝም ብላችሁ ከመዋል ሰው እያነጋገሩ መዋል ለእናንተም ጤና ነው፤ ውኃችሁንና መድኃኒታችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ በየሰዓቱም ተነስታችሁ እግራችሁን አፍታቱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክትባታችን እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ፤ ገበያውንም ያቅናላችሁ።