የሚያብረቀርቅ ዳዶ ወንበር አይይዝም

አውቶቡስ በተገለበጠ ቁጥር ክርክራችን አንድ ነው፤ ሾፌሩ ፈጠነ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ጎማው አረጀ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም፦ ተሳፋሪው የተቀመጠበት ወንበር ከወለሉ ጋር በምን ተያይዞ ነበር?

መልሱ ትንሽ ነገር ነው። ዳዶ።

"ቅጥቅጥ" የምንለውን አውቶቡስ አስቡ። በጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ቦዲ ይሠራለትና ወንበሩ በብሎን ይታሰራል። ቱቦላሬ ውስጥ ቁልፍ አስገብቶ ዳዶ መያዝ ስለማይቻል፣ ዳዶው አስቀድሞ ከብረቱ ጋር ይበየዳል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዳዶ አለ፤ አራት ማዕዘን ነው፣ በጀርመን ስታንዳርድ ዲን 928 ይባላል። በአራቱ ማዕዘኖቹ ሥር ትንንሽ ጉብታዎች አሉት። የብየዳ ማሽኑ ከላሜራው ጋር ተጭኖ ኮረንቲ ሲለቅበት፣ ኮረንቲው በጉብታዎቹ በኩል ስለሚያልፍ እነሱ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ግለው ከላሜራው ጋር ይዋሃዳሉ። የዳዶው ጥርስ አይበላሽም። አራት ቦታ ስለተያዘም ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮ አይዞርም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? በዓይኔ ባየሁት አንድ ጋራዥ፣ በያጁ ከካርቶን የሚያወጣው ዚንክ የተለበጠ፣ የሚያብረቀርቅ ተራ ዳዶ ነበር። ሁለት ቦታ በኤሌክትሮድ ነካ ነካ አድርጎት ወደ ቀጣዩ ያልፋል። "ጥቁሩን ለምን አትጠቀምም?" ብዬ ጠየቅሁት። "ወንድሜ፣ እሱ እኮ ይዝጋል። ይሄ ኦሪጅናል ነው" አለኝ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ብረት የሚቀልጠው ግን ወደ 1500 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ተን ሆኗል ማለት ነው። ያ ተን ብየዳው ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ዓይን ለእንጀራ ጌጥ ነው፤ ለብየዳ ግን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቀዳዳ ነው። ጭሱን የሳበው በያጅም ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊለው ይችላል። ይህን ሁሉ የከፈልንለት ዚንክ ደግሞ በብየዳው ዙሪያ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ፣ ከዝገት እንኳ አያድንም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ያልተለበጠ ዳዶ፣ ከዚያ ብየዳ፣ ከዚያ አንቲረስትና ቀለም ነው።

"እንግዲያው ጠንካራውን ዳዶ እንግዛ" የሚልም አይጠፋም። ይህም ስህተት ነው። ለብየዳ የሚሆነው ካርቦኑ ከ0.25 በመቶ ያልበለጠ ለስላሳ ብረት ነው። ካርቦን የበዛበት ዳዶ ሲበየድና ቶሎ ሲቀዘቅዝ፣ የብየዳው ዳር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል።

ማሽኑ ውድ ነው፣ ኃይለኛ መብራትም ይፈልጋል ትሉኛላችሁ። እቀበላለሁ። ግን ያልተለበጠ ዳዶ ለመግዛት ማሽን አያስፈልግም። ከቀኑ ሥራ አንዱን ናሙና ወስዶ፣ በብሎን ገፍቶ ለማስለቀቅ መሞከርም እንዲሁ። ዳዶው ላሜራውን ቦጭቆ ከተነሳ ብየዳው ይዟል። ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ያ ወንበር ተሳፋሪ ሊቀመጥበት አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 80 የአውቶቡስ ወንበርና ማሰሪያው በግጭት ጊዜ መጽናታቸው እንዲፈተሽ ያዛል። ሌላው ዓለም ይህን ያሰበው ወንበር ሲነቀል የኋላው ተሳፋሪ የፊተኛውን ስለሚደቁሰው ነው። እኛ ጋ መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ መብራትና ፍሬን ይታያል፤ ወንበሩን ነቅንቆ፣ የታሰረበትን ዳዶ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ማን ነው? ቦዲ ሠሪው ምን ዓይነት ዳዶ እንደበየደ በጽሑፍ እንዲያስረክብ የሚጠይቀውስ?

ጥፋቱን ሁሉ በበያጁ ላይ አልጭንም። እሱ የተሰጠውን ይበይዳል። ተጠያቂው ዳዶውን በአንጸባራቂነቱ የሚገዛው ባለ ጋራዥ፣ ሳይጠይቅ የሚረከበው የመኪና ባለቤትና ሳያይ የሚያሳልፈው መርማሪ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ነገ አውቶቡስ ስትሳፈሩ ከመቀመጣችሁ በፊት ወንበሩን ያዝ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ዝም አትበሉ፤ ረዳቱን ጠይቁት።